አንድ ክንድ ተኩል ክር

በዚያ የእንስሳት ሕክምና ቤት ሦስት ጊዜ ተናገርኩ፤ ሦስቴም እንደ ወንበር ቆጠሩኝ። «ክር ውጧል» አልኩ፤ ሐኪሟ ወረቀቷን አገላበጠች። «ክር ነው የዋጠው፣ ልጄ» አልኩ፤ የድመቱ ጌታ የዳኛው ልጅ «እማማ፣ እስቲ ባለሙያዋ ትናገር» አለችኝ፤ ፊቷን እንኳ አላዞረችልኝም። ለሦስተኛ ጊዜ ስናገር ጠረጴዛው ላይ የተዘረረው ድመት ብቻ ጆሮውን ነቅነቅ አደረገ። ከክፍሉ ሁሉ አስተዋይ እሱ ነበር።

ሰው ሽበቴን ያይና ማወቄን ይጠራጠራል። አርባ ዓመት መጋረጃ ሰፍቻለሁ። ሠፈሩ «መርፌ» ይለኛል፤ ፊት ለፊቴ ለሙያሽ ነው ይሉኛል፣ ዞር ስል ለምላሷ ነው ይላሉ። ሁለቱም እውነት ነው፤ አላፍርበትም።

የምነግራችሁ የፍቅር ታሪክ ነው። ሳቃችሁን ጨርሱና ቀጥሉ። ፍቅር ሙሉ ጥርስ ላለው ብቻ የተሰጠ የሚመስለው ካለ፣ የቀሩኝ ጥርሶች አሁንም እንደሚነክሱ ይወቅ።

ዳኛው ከሁለት ዓመት በፊት ነው ሱቄ የመጡት። ጡረታ የወጡ፣ ሚስታቸው የሞቱባቸው፣ ከእኔ ሱቅ ሁለት መታጠፊያ አልፎ ባለው ባለ ፎቅ ቤት ከአንድ አመድማ ድመት ጋር ብቻቸውን የሚኖሩ ሰው ናቸው። ድመቱን «ጸሐፊው» ይሉታል፤ ወረቀት ባየበት ሁሉ ላዩ ላይ ይተኛልና። ጸሐፊው በየማለዳው አጥር ዘሎ ይመጣና የጨርቅ ክምሬ ላይ ይጋደማል። ዳኛው እሱን ፍለጋ ይመጣሉ። መጀመሪያ በር ላይ ቆመው ይጠሩት ነበር። ቀጥለው በርጩማዬ ላይ አረፍ ማለት ጀመሩ። ቀጥሎ በርጩማው የሳቸው ሆነ። ድመቱ በገዛ እግሩ ቤቱ መመለስ እንደሚችል ሁለታችንም እናውቃለን፤ ሁለታችንም አናነሳውም።

ሲሄዱ ያነበቡትን ጋዜጣ ይተዉልኛል። «የመጨረሻው ገጽ ላይ ያለችውን እንዳያልፏት» ይሉኛል። በማግስቱ «እንዴት አገኟት?» ይላሉ። «ሰውየው አጋኖታል» እላለሁ። ደግነቱ ጋዜጣ ላይ የሚጽፍ ሁሉ ያጋንናል። ማንበብ አልችልም። ልጅ ሆኜ ከቤት ሥራ ፋታ የሰጠኝ፣ ፊደል ያስቆጠረኝ ሰው የለም። ይህን ደብቄ ሁለት ዓመት ኖርኩ። ዳኛ ፊት መዋሸት እንደማያዋጣ አጥቼው አይደለም። እሳቸው መነጽራቸውን አውልቀው አይተውኝ «ለካስ!» እንዲሉ ስላልፈለግኩ ነው።

ወደ ክሩ ልመለስ። የመጋረጃ ራስ የሚሸበሸበው በሁለት ክር ነው። ክሩ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይሰፋል፤ ከዚያ ሲሳብ ጨርቁ ይሰበሰባል። እኔ ሁለቱን በክንዴ ለክቼ እቆርጥና የጠረጴዛው ጠርዝ ላይ አንጠለጥላቸዋለሁ። ባለፈው ሰኞ አንዲት ትንሽ የኩሽና መጋረጃ ይዤ ሳለ አንዱ ክር ጠፋ። ሌላ ቆረጥኩ። ጥፋቴ ይኸው ነው። ክር ሲጠፋ የሚፈለገው የጠፋው እንጂ ሌላ ክር አልነበረም። ረቡዕ ጸሐፊው ሳይመጣ ቀረ። ሐሙስ ዳኛው ብቻቸውን መጡ፤ «የበላው ሁሉ ይመለስበታል፣ ውሃም አልረጋለት አለ» ሲሉኝ የጠፋው ክር ትዝ አለኝ። ሱቄን ዘግቼ ተከተልኳቸው።

ሐኪሟ ገና ወጣት ናት። «አሥራ ሁለት ዓመቱ ነው» አለች። «በዚህ ዕድሜ ብዙውን ጊዜ ኩላሊት ነው። ደሙን እናያለን። ካልሆነ ግን…»

«አየህ አባዬ፣ አርጅቷል» አለች ልጃቸው። የባንክ ሥራ አስኪያጅ ናት፤ ስትናገር ነገሩን ሁሉ ዘግታ ማህተም የምትመታበት ይመስላል።

«ያረጀ ሁሉ የሚታመመው ኩላሊቱን ነው?» አልኩ። «እኔም ሳል ቢይዘኝ ኩላሊት ነው ልትሉኝ ነው? አፉን ክፈቺና ከምላሱ ሥር እዪ። ክር ሲሸሽ የሚጠመጠምበት ነገር ይፈልጋል።»

ሐኪሟ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይን ዓይኔን አየችኝ። አገጩን ከሥር በአውራ ጣቷ ገፋ አድርጋ ምላሱን አነሳች፤ በትንሽ ባትሪ አበራች። «ወይኔ!» አለች። ከምላሱ ሥር ነጭ ክር ዞሮ ወደ ጉሮሮው ይወርዳል። የኔ ክር። ከሺህ ክር መካከል አውቀዋለሁ።

«ታዲያ ይሳብ!» ብላ የዳኛው ልጅ እጇን ሰደደች።

መታኋት። አዎ፣ የሥራ አስኪያጅ እጅ መታሁ። «እንዳትነኪው!» አልኩና ክር የገባበትን መርፌ ከአንገትጌዬ ነቀልኩ፤ ሁልጊዜ ሰክቼው ነው የምዞረው። መሐረቤ ላይ ቶሎ ቶሎ ስምንት ስፌት ጣልኩበት። «ከላይ ምላሱ ይዞታል። ከታች ሆዱ ወደፊት ይገፋዋል። አንጀቱ አሁን እንዲህ ሆኗል» ብዬ ክሩን ሳብኩ፤ መሐረቡ ሽብሽብ አለ። «አንቺ ስትጨምሪበት ደግሞ እንዲህ።» ጠበቅ አድርጌ ሳብኩ፤ ስሱ ጨርቅ ጠር ብሎ ተቀደደ።

ሐኪሟ መሐረቡን ከእጄ ወስዳ አየችው። «ልክ ነዎት እማማ» አለች። «እኔ ይህን ለመረዳት ሦስት መጽሐፍ ነው ያነበብኩት።»

ዳኛው አዩኝ። መነጽራቸውን አውልቀው ነው ያዩኝ፤ ግን እኔ እንደፈራሁት አይደለም። ሰው እንደዚያ ካየኝ ስንት ዘመኑ! ለአንዲት አፍታ ጉልበቴን የሚያመኝ መሆኑን ረሳሁት።

ሐኪሟ ሁሉን ዘርዝራ ነገረችን። ሆዱ ይከፈታል፤ አንጀቱ ሁለት ሦስት ቦታ ተበጥቶ ክሩ ይወጣል። ከሦስት ድመት ሁለቱ ይድናሉ። ዛሬ ካልሆነ ክሩ አንጀቱን ይቆርጠዋል። «ካልፈለጋችሁ ደግሞ ሳይሰቃይ ለዘላለም እናስተኛዋለን» አለች ቀስ ብላ። «እሱም ነውር አይደለም።» ከዚያ ዋጋውን ተናገረች። የዳኛው የሦስት ወር ጡረታ። የፈቃድ ወረቀቱን ሰጥታን «አንድ ሰዓት አላችሁ፤ ከዚያ በላይ እሱ የለውም» ብላ ገባች።

መጠበቂያው ክፍል ጠባብ ነው። ግድግዳውን ተደግፎ አግዳሚ ወንበር፤ ጥግ ላይ ካርቶን ውስጥ ጥንቸል የያዘ ሰውዬ። ልጅቷ አባቷ አጠገብ ተቀመጠች። እኔ ከጥንቸሉ አጠገብ።

«አባዬ፣ ለድመት?» አለች። «ዳነ እንበል። ስንት ዓመት ይኖራል? ሁለት? ሦስት?»

ዳኛው ወረቀቱን ጉልበታቸው ላይ ዘረጉት።

«የእማዬ ጊዜም እንዲሁ ነበር።» ድምጿ ዝቅ አለ። «ሐኪሞቹ አንድ ጊዜ ብቻ አሉን። ከዚያ አንድ ሌላ። መኪናው ሄደ፣ መሬቱ ሄደ። እሱስ ይሂድ፤ ለእማዬ ነው። ግን ከሷ በኋላ አንተንም አጣሁህ። ዓመት ሙሉ አፍህን አልከፈትክም። አሁን ደግሞ ለዚህ እንደዚያ ልትሆንብኝ ነው?»

ልጅቷን ጠምጄ ይዣት ነበር፤ እዚህ ላይ ትንሽ አዘንኩላት። ትንሽ ብቻ።

«ሲሶውን እኔ እችላለሁ» አልኩ። «ክሩ የኔ ነው።»

«ከመጋረጃ ስፌት?» አለች። ለክፋት አይደለም፤ ገርሟት ነው። የባሰውም እሱ ነው። «እማማ፣ ይህ የቤተሰብ ጉዳይ ነው። እርስዎ ይሂዱ፤ ሥራ ይጠብቅዎታል።»

ዳኛውን አየሁ። «ይቆዩ» ቢሉ በቂዬ ነበር። አንድ ቃል። እሳቸው የፈቃድ ወረቀቱን ጀርባውን ገልብጠው ይጽፋሉ። ጻፉ፣ ሰረዙ፣ ጻፉ። ልጃቸው ስልክ ለማንሳት ዞር ስትል አጥፈው ሰጡኝ።

በዕድሜዬ የመጀመሪያው ደብዳቤ። ገለጥኩት፤ የጉንዳን ሠልፍ ነው። ሰው ሲያነብ እንደሚያደርገው ዓይኔን ከግራ ወደ ቀኝ አስኬድኩት። እሳቸው ትንፋሻቸውን ይዘው ፊቴን ይጠብቃሉ፤ እስክሪብቷቸውን እየከፈቱ ይዘጋሉ። ሰው እንዲህ የሚሸበረው ክፉ ነገር ሲጽፍ ነው አልኩ በልቤ። «ይሂዱልኝ» ብለው ነው፤ በአፋቸው ለማለት አፍረው። ልጅቷ የተናገረችውን ነው በጨዋ እጅ የጻፉልኝ።

«አየሁት» አልኩና መለስኩላቸው።

«መልስ የለዎትም?» አሉ በሹክሹክታ።

«ለዚህ ደግሞ ምን መልስ አለው?»

ፊታቸው ላይ መብራት ሲጠፋ አየሁ። የሚያፍሩ መሰለኝ። ነጠላ ጫማዬን እየጎተትኩ ወደ በሩ ሄድኩ። ያቃጠለኝ ገንዘቡ አይደለም። አሥራ ሁለት ዓመት ደረቱ ላይ ለተኛ ፍጥረት ይታከም ለማለት ያልቆረጠ ሰው፣ የሁለት ዓመት የበርጩማ ጎረቤቱን ምን ይላታል? የድመቱን ዋጋ ሲያወጡ የኔንም አብረው ያወጡ ነው የመሰለኝ፤ የኔ ደግሞ ከድመቱ አንሶ ተገኘ።

እጄ በሩ እጀታ ላይ ሳለ ሐኪሟ ወጣች። «ወሰናችሁ?»

ዳኛው ወደ በሩ፣ ወደ እኔ አዩ። ከዚያ፣ የራሳቸው በማይመስል ድምፅ፣ «ይተኛ» አሉ።

በሩን መልሼ ዘጋሁት። ከውስጥ በኩል።

«ሠላሳ ዓመት በስንቱ ሲፈርዱ ኖረው» አልኩ፣ «ዛሬ ለአንድ ድመት ይታከም ማለት አቃተዎት?»

ቀና አሉ። ዓይናቸው ቀልቷል። «እኔማ ለእርስዎ አቀረብኩ። አነበቡት፤ መልስ የለውም አሉኝ። ፍርዱን ተቀበልኩ።»

«የምን ፍርድ?»

«የጻፍኩትን ነዋ!»

ጥንቸሉ እንኳ ማኘኩን አቆመ። ሁለት መንገድ ነበረኝ። አንዱ በበሩ ነው፤ ኩራቴን ይዤ ብወጣ ማንም አያውቅብኝም፤ ጸሐፊው ግን ይተኛል። ሌላውን መረጥኩ።

«አላነበብኩትም» አልኩ። «ማንበብ አልችልም። ፊደል ከጉንዳን አልለይም።»

«ጋዜጣውስ?» አሉ ዳኛው፤ ያን ጊዜ የመጣላቸው ጥያቄ እሱ ነው።

«ሥዕሉን አያለሁ። በቀረው መስኮቴን እወለውላለሁ። የመጨረሻው ገጽ መስታወት ላይ ጎበዝ ነው።»

ጥንቸል የያዘው ሰውዬ ሳቁ አመለጠው። የዳኛው ልጅ አፏን ይዛለች። እኔ አገጬን ቀና አድርጌ ቆምኩ። «አሁን ያንብቡልኝ» አልኩ። «እዚሁ፣ ጮክ ብለው። በሹክሹክታ የተጻፈ ነገር ይብቃን።»

ዳኛው ተነሡ። ችሎት ላይ እንደሚቆሙት ነው የቆሙት። ልጃቸውን አዩ፣ እኔን አዩ፣ አነበቡ።

«‹ሚስቴ ወደ ቀዶ ሕክምና እንድትገባ የፈረምኩት እኔ ነኝ። አልወጣችም። ከዚያ ወዲህ እንዲህ ያለ ወረቀት ሳይ እጄ አይታዘዘኝም። ሦስት ወር ጡረታ ቢሄድ አይቆጨኝም። የምፈራው ብቻዬን መፈረም ነው። ይታከም ካልሽ ይታከማል፣ ይቅር ካልሽ ይቅር። ብቻ ከእኔ ጋር ሆነሽ ወስኚ። ዛሬ ስለ ጸሐፊው፤ ከዛሬ በኋላም በቀረን ዕድሜ ስለሚመጣው ሁሉ። በርጩማሽ ላይ ሁለት ዓመት የተቀመጥኩት ይህን ለማለት ነበር፤ አንድም ቀን አፌ አልታዘዘኝም።›»

አንቺ ብሎ ነው የጻፈልኝ። ሁለት ዓመት «እርስዎ» ሲለኝ የኖረ ሰው በወረቀት ላይ አንቺ ብሎኛል፤ እኔ ደግሞ ‹ምን መልስ አለው› ብዬ መልሼለታለሁ! እንግዲህ ከዚህ በኋላ «አሉ» አልልም። አለ እላለሁ። የኔ ነው።

«ታዲያ ምን ትጠብቃለህ?» አልኩት፤ በልጁ ፊት፣ በሐኪሟ ፊት፣ በጥንቸሉ ፊት። «ይታከማል! ፈርም፤ እኔም ከጎንህ ጣቴን አስቀምጣለሁ።»

«አባዬ…» አለች ልጁ። እንባዋ ወርዷል። «ያኔም ብቻህን አልነበርክም። በሩ ላይ ቆሜ ነበር። ዞረህ አላየኸኝም እንጂ።»

ዳኛው ይህን አያውቅም ነበር። አንገቷን አቀፈ። እኔም ትንሽ ጠበቅኩ፤ ትንሽ ነው የምጠብቀው፣ ሰዓቱ እየሄደ ነው።

«ስሚኝ ልጄ» አልኳት። «ፍርሃትሽ ገብቶኛል። የምትፈሪው ይህን ወጪ አይደለም፤ ከሱ ቀጥሎ የሚመጣውን ነው። እንግዲያውስ ልክ እናብጅለት።» ወደ ሐኪሟ ዞርኩ። «አንድ ጊዜ ትከፍችዋለሽ። ስፌቱ ቢፈታ ወይም ሌላ ነገር ቢመጣ ሁለተኛ አይከፈትም፤ እንዳልሽው ሳይሰቃይ ይተኛል። ከነገርሽን ዋጋ በላይ ማንም ወረቀት ይዞ አይመጣብንም። ሁለት እጁን እሱ፣ ሲሶውን እኔ።»

ዳኛው «ሲሶውን አንቺ አትከፍይም» አለ።

«ክሩን የቆረጥኩት እኔ ነኝ፤ ዝም በል» አልኩት። ዝም አለ። እንዴት ደስ ይላል!

ልጁ ዓይኗን ጠርጋ አየችኝ። የባንክ ዓይን ነው፤ ሒሳቡን አገላብጣ መረመረችው። «ልክ ያለው ከሆነ» አለች፤ «ልክ ያለው ከሆነ እሺ።»

ዳኛው ፈረመ። እጁ እስኪረጋ እጄን በእጁ ላይ ጭኜበት ነበር። ሐኪሟ የማህተም ቀለም አመጣችልኝ፤ አውራ ጣቴን ነክሬ ከስሙ አጠገብ አሳረፍኩት። በወረቀቱ ፊት የድመቱ ፈቃድ፣ በጀርባው የኔ ደብዳቤ። ሐኪሟ «ይህ ለመዝገባችን ነው» ብላ ልትወስደው ስትል «ቅጂውን ለመዝገብሽ፣ ዋናውን ለእኔ» አልኳት። ከክፍሉ ማንም አልተከራከረም።

ጥበቃው ረጅም ነበር። ጥንቸሉ ታክሞ ሄደ። ዳኛው እጄን ይዟል፤ መርፌ የበሳሳውን የጣቴን ጫፍ በአውራ ጣቱ ይዳስሳል።

«ለምን ደበቅሽኝ?» አለኝ።

«እንዳትንቀኝ።»

«እኔ ሁለት ዓመት ሙሉ አንዲት ዓረፍተ ነገር ሳልናገር የኖርኩ ሰው! ማን ማንን ይንቃል?»

መርፌ መልስ ያጣችበት ቀን ተብሎ ይመዝገብልኝ።

ከሰዓት በኋላ ሐኪሟ ወጣች። ግንባሯ በላብ ርሷል። በእጇ ትንሽ የብረት ሳህን ይዛለች፤ ሳህኑ ላይ ክሬ ተጠቅልሏል። ማንም ሳይናገር አንስቼ በክንዴ ለካሁት። አንድ ክንድ ተኩል። ሙሉ ነው፤ ቅንጣት አልቀረም።

«ሁሉም ወጥቷል» አለች። «አንጀቱ አልተበሳም፤ ቢሳብ ኖሮ አልቆለት ነበር። ልቡ እንደ ጎረምሳ ነው የሚመታው። እማማ፣ ከዛሬ ጀምሮ ማንም መጥቶ ክር ቢለኝ ምላሱን ሳላይ ሌላ ነገር አላወራም።»

«ማንም አሮጊት ብትልሽ በዪ» አልኳት። ሳቀች። እኔ ግን ቀልዴን አልነበረም። ዳኛው አግዳሚው ላይ ተቀምጦ በሁለት እጁ ፊቱን ሸፍኗል። ያ ሰው ከሐኪም ክፍል «ወጣ፣ ዳነ» የሚል ቃል ሲሰማ የመጀመሪያው ነው። ልጁም አንድ ጎኑን፣ እኔም አንድ ጎኑን ያዝነው። ሁለታችንም ተያየን፤ ዓይኗን ቀድማ አልመለሰችም።

ሐኪሟ ቀጠለች። «ዐሥር ቀን በየሦስት ሰዓቱ በጠብታ መመገብ አለበት። ስፌቱንም እንዳይልስ የሚጠብቀው ሰው ያስፈልጋል። ቤት ማን አለ?»

«እኔ ቤት ይሁን» አለች ልጁ። ከዚያ ቢሮዋ ትዝ አላት መሰለኝ። «ወይም የምትጠብቀው ሠራተኛ እንቅጠር። እማማ ቀን ቀን ብቅ ቢሉ ደግሞ፣ እኔ እየመጣሁ በሩን እከፍትልዎታለሁ፤ ሲጨርሱም እዘጋለሁ።» ቦርሳዋን ከፍታ የአባቷን ቤት ቁልፍ አወጣች፤ ባለ ቀይ ማንጠልጠያ ነው።

ዳኛው አፉን ሊከፍት ነበር፤ ክንዱን ያዝኩት። ይህ የኔ ነው።

«ስሚ ልጄ» አልኳት። «ስፌት የሰው ሆድ ላይ ይሁን ድመት ላይ፣ ጠባቂው እኔ ነኝ። ግን ተከፍቶላት ገብታ፣ ተዘግቶባት የምትወጣ አስታሚ አይደለሁም። አባትሽ የጻፈልኝን በጆሮሽ ሰምተሻል፤ የድመቱን ዐሥር ቀን ብቻ አይደለም የጻፈው። ዛሬ በዚያ ቤት በር የምገባው ጸሐፊውን በአንድ እጄ፣ አባትሽን በሌላው ይዤ ነው፤ አልወጣም። ስለዚህ ያንን ቁልፍ ወዲህ በዪ። ከእንግዲህ አባትሽን ልትጠይቂ ስትመጪ በሩን አንኳኪ፤ እኔ ነኝ የምከፍትልሽ።»